ቦዩ የደረሳትና ቦዩ ያለፋት፦ የሁለት የደቡብ ሕንድ መንደሮች ታሪክ

በደቡብ ሕንድ ከባንጋሎር ወደ ማይሶር በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ፣ ማይሶር ከመድረሱ በፊት፣ ማንድያ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው አገር ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ እዚህም እዚያም ጉብታ የሚታይበት ሜዳ ነው። በዓመት የሚጥለው ዝናም 700 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በወቅቱ ከዘነበ ለአንድ አዝመራ ይበቃል፤ ከዘገየ ግን ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ኑሮውን የመሠረተው ድርቅን በሚችለው እህል፣ በዳጉሳ ላይ ነው። የአገሩ ሰዎች ራጊ ይሉታል። ዱቄቱን በፈላ ውሃ አማስለው እንደ ጠንካራ ገንፎ ካበሰሉት በኋላ በእጅ አድቦልቡለው ከወጥ ጋር ይመገቡታል።

የዕፅዋት ታሪክ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ እህል መጀመሪያ ከዱር ወደ ማሳ የገባው ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ሲሆን፣ ወደ ሕንድ የተሻገረበት ዘመን እስካሁን ቢያከራክርም ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም። ማሽላም የሄደው ከአፍሪካ ነው። ስለዚህ የጎጃም ወይም የትግራይ ገበሬ በማንድያ ማሳ ዳር ቢቆም የሚያየው አዝመራ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ የሚሆንበት ከአዝመራው በስተጀርባ ያለው የሰው ለሰው ውል ነው።

በማንድያ አቅራቢያ አንዲት አጥኚ በመጽሐፋቸው ዋንጋላና ደሌና ብለው የጠሯቸው ሁለት መንደሮች አሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ ያነሰ ሕዝብ ነበራቸው። የሁለቱም ቋንቋ ካነዳ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ በቁጥርም በመሬትም የሚበልጡት ኦካሊጋ የተባሉት ባላባት ገበሬዎች ናቸው፤ ሁለቱም እስከ 1930ዎቹ ድረስ በዝናም እርሻ ይተዳደሩ ነበር። ከዚያ በኋላ አንደኛዋ የመስኖ ውሃ አገኘች፤ ሁለተኛዋ ሳታገኝ ቀረች። የተከተለው ነገር በልማት ሥራ የተሠማራ ባለሙያ ከሚጠብቀው ጋር አይገጥምም። ውሃ ያገኘችው መንደር በሀብት እየገፋች በአኗኗሯ እንደ ጥንቱ ስትቀጥል፣ ውሃ ያጣችው መንደር ግን ተለወጠች።

የደቡብ ሕንድን መንደር ሊያዩ የመጡ እንግዶች ታሪክ ረጅም ነው። ቲፑ ሡልጣን በ1799 በስሪራንጋፓትና ተሸንፎ ከሞተ በኋላ፣ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ዌልዝሊ፣ ፍራንሲስ ቡካናን የተባለውን ሐኪምና የዕፅዋት ዐዋቂ አዲስ የተያዘውን አገር ዞሮ እንዲመረምር አዘዙት። ቡካናን በ1800 ከማድራስ ተነሥቶ ማይሶርን አቋርጦ እስከ ምዕራቡ የባሕር ጠረፍ ተጓዘ። በ1807 በሦስት ቅጽ በታተመው መጽሐፉ የማረሻውን ዓይነት፣ የዘሩን መጠን፣ የኩሬውን ግድብና የሸማኔውን ሥራ ሳይታክት መዝግቧል። የኩባንያው ሹማምንት ግን ከእንዲህ ያለው ዝርዝር ይልቅ ለአስተዳደር የሚመች አንድ ወጥ ሥዕል ይፈልጉ ነበር። በ1812 ለእንግሊዝ ፓርላማ የቀረበው አምስተኛው ሪፖርት የተባለው ሰነድ የሕንድን መንደር ነገሥታት ቢመጡም ቢሄዱም የማይነቃነቅ፣ ራሱን የቻለ ትንሽ መንግሥት አድርጎ ሣለው። ሥዕሉ ያማረ ስለ ነበረ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ባለሥልጣኑም፣ የነጻነት ታጋዩም፣ የባሕር ማዶው ሊቅም እየተዋሱ ጻፉበት።

በቁጥር ሊያዩት የተነሡት ፕሮፌሰር ጊልበርት ስሌተር ናቸው። እኒህ ሰው የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1916 ተማሪዎቻቸው ወደየመንደራቸው ሄደው መሬቱንና ዕዳውን፣ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝና የቤተሰቡን ወጪ እንዲመዘግቡ አደረጉ፤ ውጤቱም በ1918 በመጽሐፍ ታተመ። የሥራው ትልቅ ዋጋ ከጊዜ በኋላ ታየ። ሌሎች አጥኚዎች በ1937 ወደ እነዚያው መንደሮች ተመለሱ፤ ከመንደሮቹም አንዷ፣ በታሚል አገር የምትገኘው ኢሩቬልፓቱ፣ እስከ 2008 ድረስ ተደጋግማ ተጠንታለች። አንድ ጊዜ የታየ መንደር ሁልጊዜም እንደዚያ የነበረ ይመስላል፤ የሚለወጠውና የማይለወጠው የሚለየው በመመለስ ነው።

ወደ ማንድያ ስንመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው በመንደሩ ውስጥ የነበረው ውል ነው። እያንዳንዱ ባለመሬት ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ግንኙነት ከአንጥረኛው፣ ከፀጉር አስተካካዩ፣ ከልብስ አጣቢው ጋር ነበረው። ከሁሉም በታች ከሚቆጠሩትና አዲ ካርናታካ ከሚባሉት፣ የቀሩት ወገኖች ርኩስ ናቸው ብለው ከማይነኳቸው ሰዎች ጋር የነበረው ግንኙነትም እንዲሁ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለባለመሬቱ ቤተሰብ ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ በሠርጉና በልቅሶው የተወሰነላቸውን አገልግሎት ይፈጽማሉ። ዋጋቸውን የሚያገኙት በቀን ሒሳብ አልነበረም፤ በአዝመራ ጊዜ መጠኑ ከጥንት በተቆረጠ ዳጉሳና ጭድ ይከፈላቸው ነበር። ባለመሬቱ ሌላ ሠራተኛ ልቅጠር፣ ሠራተኛውም ሌላ ጌታ ልፈልግ ቢል ልማድ አይፈቅድለትም። የመንደሩ ሹም፣ በኢትዮጵያ ገጠር ጭቃ ሹም ይባል እንደ ነበረው ያለ ባለሥልጣን፣ ከየወገኑ ሽማግሎች ጋር ሆኖ ይህን ሥርዐት ይጠብቃል።

ይህ ሁሉ በነበረበት ዘመን ነው የማይሶር መንግሥት የካቬሪን ወንዝ ለመገደብ የተነሣው። ማይሶር በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ሆኖ በራሱ ማሃራጃ የሚተዳደር አገር ነበር። ለግድቡ ሐሳብ የመጀመሪያው ምክንያት እርሻ ብቻ አልነበረም። በሺቫናሳሙድራ ፏፏቴ ላይ ከ1902 ጀምሮ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ለኮላር የወርቅ ማዕድን ኃይል ይሰጥ ነበርና፣ ወንዙ በበጋ ሲቀንስ ማዕድኑም ይጐዳ ነበር። በ1909 ዋና መሐንዲስ ሆነው የተሾሙት፣ በኋላም ከ1912 እስከ 1918 በዲዋንነት አገሩን ያስተዳደሩት ሞክሻጉንዳም ቪስቬስቫራያ ኃይሉንም መስኖውንም በአንድ ሥራ ለማግኘት አቀዱ። ሥራው በ1911 ተጀምሮ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተፈጸመ። ግድቡ በማሃራጃው ስም ክሪሽናራጃ ሳጋራ ተብሎ ተጠራ፤ ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል፣ ከፍታው ወደ 40 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩ የተያያዘው በሲሚንቶ ሳይሆን ከኖራና ከተፈጨ ጡብ በተቀመመ ማያያዣ ነው፤ ይህን የሚያነብ የሕንፃ ባለሙያ ሳይገረም አይቀርም። የቆየችው የካናምባዲ መንደር ከነቤተ መቅደሷ ከኩሬው ሥር ገባች።

ግንባታው በምሕንድስና ብቻ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ከወንዙ በታች ያለው የማድራስ ግዛት ለካቬሪ ደለል ሩዝ ገበሬዎቹ ውሃ ይጐድላል ብሎ ስለ ተከራከረ፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1924 የስምምነት ውል ፈረሙ። ከዚያም ከግድቡ የሚነሣው ትልቁ ቦይ፣ በመጀመሪያ በእንግሊዙ እንደራሴ ስም የኧርዊን ቦይ ተብሎ በኋላ የቪስቬስቫራያ ቦይ የተባለው፣ ወደ ማንድያ ሜዳ ተለቀቀ። የማይሶር የእርሻ ዳይሬክተር የነበሩት ካናዳዊው ሌስሊ ኮልማን ለውሃው የሚመጥን ሰብል ሸንኮራ አገዳ መሆኑን አምነው ብዙ ደከሙ፤ በ1933ም የማይሶር ስኳር ኩባንያ በማንድያ ተቋቋመ።

ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ቦዩ በ1930ዎቹ መጨረሻ ዋንጋላ ሲደርስ የመንደሪቱ መሬት ከቦዩ በታች ነበርና ራሰ። ደሌና ግን ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ላይ በመሆኗ ውሃው በአጠገቧ እያለፈ ማሳዋ ደረቅ ሆኖ ቀረ። ጥፋት የማንም አይደለም፤ የመሬቱ አቀማመጥ እንደዚያ ወሰነ። ዳሩ ግን ለደሌና ገበሬ ጐረቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲያጭድ ዝናም እየጠበቀ መቀመጥ ቀላል አልነበረም።

ስካርሌት ኤፕስታይን ወደዚህ አካባቢ የመጡት በ1954 ነው። በ1922 በቪየና የተወለዱ፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ከአገራቸው ተሰደው እንግሊዝ የገቡ፣ በማንቼስተር ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ከተማሩ በኋላ በማክስ ግሉክማን መሪነት ወደ ሥነ ሰብእ ጥናት የተሻገሩ ሴት ናቸው። ጥያቄያቸውም የኢኮኖሚስት ጥያቄ ነበር፦ መስኖ ሲገባ በመንደሩ ሕይወት ምን ይለወጣል? በመጀመሪያ በዋንጋላ፣ ቀጥሎም በደሌና ከሕዝቡ ጋር ኖሩ፤ እስከ 1956 ድረስም ሱርያናራያና ከተባሉ የአገሩ ተወላጅ ረዳታቸው ጋር የእያንዳንዱን ቤት መሬት፣ ከብት፣ ዕዳና ወጪ ቈጠሩ። ደሌናን የጨመሩት ለማነጻጸር ነበር፤ ማነጻጸሩ ግን የመጽሐፉ ልብ ሆነ።

በዋንጋላ ያገኙት ብልጽግና ነበር። ፋብሪካው ከገበሬው ጋር ውል ይዋዋላል፣ ለማዳበሪያና ለሥራ ገንዘብ ያበድራል፣ አገዳውን በተወሰነ ዋጋ ይገዛል። ገበሬው አዲስ ቤት ሠራ፣ በሬ ለወጠ፣ ሠርጉን አሰፋ። ሥራው ግን ያው እርሻ ነው፤ ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት ጠየቀ እንጂ ሌላ ዓይነት ሰው አልጠየቀም። ስለዚህ ኦካሊጋው የአባቱን ሠራተኛ ይበልጥ ፈለገው፣ አዲ ካርናታካውም የአባቱን ጌታ አልለቀቀም። የመንደሩ ጉባኤም በነዚያው ወገኖች ሽማግሎች እጅ ቀረ።

የዚህ ሥርዐት ጥንካሬ የታየበትን አንድ ነገር ኤፕስታይን ጽፈዋል። የዋንጋላ አዲ ካርናታካዎች አንድ የነገሥታት ድራማ አዘጋጅተው ለመንደሩ አሳዩ። የንጉሡን ቦታ የያዘው ተዋናይ፣ ታሪኩ እንደሚጠይቀው፣ በዙፋን ላይ ተቀመጠ፤ ሊያዩ የመጡት ኦካሊጋዎች ግን መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። በጨዋታም ቢሆን የበታቹ ከበላዩ ከፍ ብሎ መታየቱ እንደ ስድብ ተቈጠረ። ጉባኤው ተሰብስቦ ቅጣት ቈረጠ፤ አንከፍልም ሲሉ ባለመሬቶቹ ተባብረው ሥራ ነፈጓቸው። ከእርሻ ሌላ እንጀራ ያልነበራቸው እነዚያ ሰዎች በመጨረሻ መታዘዝ ግድ ሆነባቸው። ይህ የሆነው ሕንድ ነጻ ከወጣች፣ የአለመንካትም ልማድ በ1950 ሕገ መንግሥት ከተሻረ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕጉ ዋንጋላ ደርሶ ነበር፤ የሠራተኛው የዕለት እህል ግን አሁንም የሚሰፈረው በዚያው በባለመሬቱ ቤት ነበር።

በደሌና የተገኘው ሌላ ነው። በማሳው ተስፋ የቈረጠው ገበሬ ዓይኑን ወደ ውጭ አደረገ። አንዱ በማንድያ በፋብሪካው ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ሌላው የጐረቤት መንደሮችን አገዳ በበሬ ጋሪ ወደ ፋብሪካ እያመላለሰ ገንዘብ አጠራቀመ፤ የእህል ወፍጮ የተከለ አለ፣ በንግድና በሥራ ተቋራጭነት የገባ አለ፣ በሌላ መንደር የመስኖ መሬት የገዛም አለ። ውሃው ያለፋት መንደር ውሃው ለደረሳቸው መንደሮች አገልጋይና ነጋዴ ሆና ኑሮዋን ገነባች። ማንድያ ውሎ የሚገባ ሰው ግን ከአባቱ ሠራተኛ ጋር ዓመቱን ሙሉ የሚታሰርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ጉልበት ሲፈልግ በቀን ሒሳብ በገንዘብ ይቀጥራል። ስለዚህ የውርስ ውሉ ላላ፤ ከውሉም ጋር የሠርጉና የልቅሶው አገልግሎት፣ የሹሙም ሥልጣን ላላ። በጉባኤው የሚደመጡት ከወገናቸው ክብር ይልቅ በከተማ የሚያውቋቸው ሰዎች የበዙላቸው ሆኑ።

በ1962 የታተመው የኤፕስታይን መጽሐፍ ይህን በጥቂት ቃል ሲያስረዳ፣ አዲስ ሀብት ከአሮጌው ሥራ ጋር ከተስማማ አሮጌውን ግንኙነት ያጠነክረዋል፤ ካልተስማማ ያፈርሰዋል ይላል። በቦይና በግድብ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ይህን ሲያነብ ደስ ላይለው ይችላል። ቢሆንም ውሃው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ ዋንጋላ ጠግባለች። ውሃ ምርትን ያበዛል። ምርቱ በማን እጅ እንደሚገባ የሚወስነው ግን ቦዩ ሲቈፈር ያልተነካው ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የኤፕስታይን ሐሳብ ይበልጥ የሚያከራክር ነው። በ1967 ባወጡት አንድ ጽሑፍ ያ ከጥንት የተቈረጠው የእህል ዋጋ ለምን ሳይለወጥ እንደ ኖረ ጠየቁ። መልሳቸው መጠኑ የተለካው በክፉ ዓመት ነው የሚል ነበር። ዝናም በቀረበት ዓመት ሠራተኛውና አንጥረኛው ድርሻቸውን ሲወስዱ ለባለመሬቱ የሚተርፈው ከእነርሱ እምብዛም አይበልጥም፤ ማለት በረኀብ ጊዜ መንደሩ ያለውን ሊመሳሰል ጥቂት በቀረው ድርሻ ይካፈላል። በጥጋብ ዓመት ትርፉ ሁሉ የባለመሬቱ ነው፤ ሠራተኛው ተጨማሪ አያገኝም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ድርቅ እንደማይጣል ያውቃል። ከ1876 እስከ 1878 በደቡብ ሕንድ የደረሰው ታላቅ ረኀብ ሚሊዮኖችን የፈጀበት አገር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ዋስትና ተራ ነገር አልነበረም። ሆኖም የድራማውን ጉዳይ ያነበበ ሰው የዋስትናውን ዋጋ ማን ይከፍል እንደ ነበረ አይስተውም፤ አንዱን ሳያነሡ ሌላውን ማመስገን ተገቢ አይሆንም።

ኤፕስታይን በ1970 ተመልሰው ሲመጡ ይህ ዋስትና በዋንጋላም እየፈረሰ ነበር። አዲሱ የሩዝ ዘርና ማዳበሪያ ገብቷል፣ ሕዝቡ በዝቷል፣ መሬት ጠቧል። ባለመሬቱ የዓመቱን እህል ከመስፈር በቀን ገንዘብ መክፈል ይሻለው ጀመር። ሀብታሙ የበለጠ ሀብታም ሲሆን፣ ከሁሉ በታች የነበረው የቀድሞውን ጌታ ጥበቃ አጥቶ የአዲሱን ዘመን ሀብት ግን አላገኘም። ሌላም ያልተጠበቀ ነገር አዩ። በ1956 ኦካሊጋ ልጁን ሲድር ጥሎሽ የሚሰጠው የወንዱ ወገን ነበር፤ በ1970 ግን ገንዘብ የሚሰጠው የሴቲቱ አባት እየሆነ ነበር። የተማረና ደመወዝ ያለው ሙሽራ ተፈላጊ ሆነ፤ የበለጸገው ቤተሰብ ሴቶቹን ከማሳ ሥራ ስላወጣ ደግሞ የሙሽራዪቱ ጉልበት እንደ ቀድሞው አልተቈጠረላትም። አገዳው ያመጣው ክብር በሴት ልጅ አባት ላይ ዕዳ ሆኖ ዞረ። በ1973 ያሳተሙት ሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ያህል ደስተኛ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጐብኚው ራሱ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በዚያው በማይሶር አገር፣ ከኤፕስታይን ስድስት ዓመት ቀደም ብለው፣ ሕንዳዊው ሊቅ ኤም. ኤን. ስሪኒቫስ ራምፑራ ብለው በሰየሟት መንደር በ1948 ለብዙ ወራት ኖረው ነበር። ቋንቋው ቋንቋቸው፣ አገሩ የአባቶቻቸው አገር ነው። ሆኖም የተቀመጡት በመንደሩ ሹም እንግድነት፣ የተወለዱትም ከብራህማን ወገን ስለ ነበር፣ በመንደሩ ዳር ወደሚኖሩት ወደማይነኩት ሰዎች ቤት እንደ ልባቸው መግባት አልቻሉም፤ መንደሩን በአብዛኛው ያዩት ከላይኛው ሰፈር መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል። በ1970 በአሜሪካ ስታንፎርድ ሳሉ ቃጠሎ አስነሺዎች የምርምር ማዕከሉን በእሳት ሲለኩሱ ለዐሥራ ስምንት ዓመት አጣርተው ያዘጋጁት ማስታወሻ ከነግልባጩ ነደደ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በአብዛኛው ከትዝታ ጻፉት፤ በ1976 የታተመው ይህ ሥራ ስለ ሕንድ መንደር ከተጻፉት ሁሉ ሰው ሰው የሚሸት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁጥሩ ሲቃጠል ሰዎቹ ቀሩ። ኤፕስታይን በበኩላቸው ከባሕር ማዶ የመጡ፣ ወገን የሌላቸው ሴት በመሆናቸው ስሪኒቫስ በማይገቡበት በር ገብተዋል፤ በሌላ በኩል ግን ስሪኒቫስ ሳይጠይቁ የሚረዱትን ለመረዳት ኤፕስታይን ረዳትና ጊዜ አስፈልጓቸዋል።

ኤፕስታይን ከዚያም በኋላ መመላለሳቸውን አልተዉም። በ1998 ስለ አርባው ዓመት ለውጥ የወጣው መጽሐፍ ከእርሳቸው ስም ጋር የሱርያናራያናንና የቲሜጎውዳን ስም ይዟል። በ1954 የቤት ቈጠራ ያገዙት ሰው በዚህ ጊዜ የመጽሐፉ ባለቤት ሆነዋል። እርሳቸው በ2014 ዐረፉ።

በማንድያ ዙሪያ ያለው የውሃ ጉዳይ ግን አላበቃም። የ1924ቱ ስምምነት ለሃምሳ ዓመት የታሰበ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ካርናታካና ታሚል ናዱ በካቬሪ ላይ ተከራክረዋል። የዳኞች ጉባኤ በ1991 የሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ በካርናታካ ሁከት አስነሣ፤ የመጨረሻው ውሳኔ በ2007 ተሰጠ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ድርሻውን አሻሽሎ ወሰነ። በየጊዜው መንገድ በመዝጋትና በሰላማዊ ሰልፍ ግንባር ቀደም ሆኖ የሚታየው የማንድያ ገበሬ ነው። በ2015 ደግሞ የአገዳ ዋጋ ወድቆ፣ ፋብሪካዎችም የገበሬውን ገንዘብ ሳይከፍሉ በዘገዩበት ወቅት፣ በዕዳ ተይዘው የራሳቸውን ሕይወት ያጠፉ የአካባቢው ገበሬዎች ዜና በሕንድ ጋዜጦች ተደጋግሞ ወጣ። ደረቅ መሬት የሚያርሱ ብቻ አልነበሩም፤ ቦዩ የደረሳቸውም ነበሩበት።

በየዓመቱ የደቡብ ምዕራቡ ዝናም ሲዘገይ የካርናታካ ጋዜጦች የክሪሽናራጃ ሳጋራን የውሃ ከፍታ በየቀኑ ያትማሉ። ግድቡ ሞልቶ ሲቆም ልኩ 124.8 ጫማ ነው፤ በማንድያ ገበያ ይህን ቁጥር የማያውቅ ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል።